መቅደላን ማን ይተርክ? የአካባቢ አስጎብኚነት፣ የተጓዡ መብትና የአምባው ነዋሪ ድርሻ

ወደ አንድ ታሪካዊ ሥፍራ የሚጓዝ ሰው የሚከፍለው ለትራንስፖርት፣ ለምግብና ለመኝታ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሥፍራውን የሚያስረዳው ሰው ነው። ድንጋይ፣ ገደል፣ ፍርስራሽና አሮጌ መድፍ ብቻቸውን አይናገሩም። የሚናገርላቸው ሰው ከሌለ ተጓዡ ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል፤ በሥፍራው ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብም ከጉብኝቱ የሚያገኘው ጥቅም አቧራ ብቻ ይሆናል።

ይህ እውነት በደቡብ ወሎ ዞን በሚገኘው አምባ መቅደላ ላይ ጎልቶ ይታያል። የመቅደላን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከልጅነት ጀምሮ በትምህርት ቤት፣ በቴአትር፣ በዘፈንና በቤተሰብ ጨዋታ ይሰማዋል። አምባውን በእግሩ ወጥቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ በዝናውና በጉብኝቱ መካከል ያለው ርቀት ከምን እንደመጣ ይመረምራል፤ ለመጎብኘት ለሚያስቡ ዜጎች፣ በአስጎብኚነት ለመሠማራት ለሚፈልጉ የአካባቢው ወጣቶችና በእጃቸው ቅርስ ላለ ወገኖችም ጠቃሚ መረጃ ያቀርባል።

አምባው ምን ይዟል?

መቅደላ ከበሸሎ ወንዝ ሸለቆ በላይ የቆመ፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ አምባ ነው። በሸሎ የአባይ ገባር ሲሆን፣ ሸለቆው ጥልቅ በመሆኑ ከማዶ ሆኖ አምባውን ማየትና አምባው ላይ መድረስ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አምባው ለብቻው የቆመ አይደለም። ፋላና ሥላሴ ከተባሉት ጎረቤት ተራሮች ጋር ተያይዞ አንድ ምሽግ ይሠራል። በስተግርጌው ያለው የአሮጌ ሜዳ ጦርነቱ የተካሄደበት ነው። ዛሬ ሥፍራው አምባ ማርያም በሚል ስምም ይጠራል።

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ መቅደላ ግምጃ ቤትም፣ እስር ቤትም፣ የመጨረሻ መጠጊያም ነበር። በኋላ አፄ ምኒልክ የተባሉት የሸዋው ልዑል በምርኮ የኖሩት በዚሁ አምባ ሲሆን፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተሻግረዋል። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በእስር ላይ እንዳሉ ያረፉት በመቅደላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የእንግሊዙን ቆንስል ቻርልስ ካሜሮንን፣ ቀጥሎም መልእክተኛውን ሆርሙዝ ራሳምንና ሌሎች አውሮጳውያንን አሰሩ። እስረኞቹም በመጨረሻ መቅደላ ላይ ተቀመጡ።

እነርሱን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው ጦር ወደ 13,000 ወታደሮችን፣ ከዚያ የሚበልጡ ተከታዮችንና 44 ዝሆኖችን ይዞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዙላ፣ 600 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ተጉዞ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአሮጌ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ወደቁ። በሦስተኛው ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር አምባው ሲገባ አፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ ዘመን በአምባው ላይ የቀረው በዓይን የሚታይ ትልቁ ምስክር ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ፣ ለመድፉ ማለፊያ ተራራ እየተናደና መንገድ እየተጠረገ ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ ደረሰ። አዲስ አበባ በሚገኘው የቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ዋናው አሁንም በአምባው ላይ ነው። ተጓዡ ሊገነዘበው የሚገባው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ የመድፉ ታላቅነት በብረቱ ክብደት ብቻ አይለካም፤ ያን ያህል ክብደት በሰው ጉልበት እዚያ መድረሱን ጭምር ማስተዋል ያስፈልጋል። ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ያልረገጠ፣ ወይም የሚያስረዳው ያላገኘ፣ ይህን ሊረዳ አይችልም።

የመቅደላ ታሪክ በለንደን

የመቅደላ ሀብት ዛሬ የሚገኘው በአብዛኛው ከአምባው ውጭ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ጽላቶች፣ ዘውዶች፣ ጽዋዎች፣ አልባሳትና መስቀሎች በወታደሮች ተዘረፉ። የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር አብሮ ተጉዞ ነበር። ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከወረደ በኋላ ለሁለት ቀናት ጨረታ ተካሄደበት፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። አምባው ራሱ ተቃጠለ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አረፉ። ልዑሉም በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

በዚህ ምክንያት ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ ለንደን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ፣ ሳያስበው ከመቅደላ ጋር ይገናኛል። በከተማዋ የሚገኙትን ዋና ዋና ሥፍራዎች ማወቅ ይጠቅማል። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ይገኛሉ። በብሪቲሽ ላይብረሪ ከአምባው የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ጽላቶችን ይዟል፤ ሆኖም ጽላት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከካህን በቀር ሊያየው የማይገባ በመሆኑ፣ ጽላቶቹ ለሕዝብ ዕይታ አይቀርቡም። ስለዚህ እነርሱን አያለሁ ብሎ ወደ ሙዚየሙ የሚሄድ ሰው እንደማያገኛቸው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ከለንደን ወጣ ብሎ ዊንዘር የደረሰም የልዑል ዓለማየሁን መታሰቢያ ጽሑፍ ያገኛል።

የተመለሱም አሉ። የክብረ ነገሥት ብራና ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተመልሷል። በ1916 ዓ.ም. ልዑል ራስ ተፈሪ እንግሊዝን በጎበኙበት ጊዜ አንድ ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተሰጥቷል። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ የአፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጥተዋል። በኤደንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ጽላት በ1994 ዓ.ም. ሲመለስ አዲስ አበባ በእልልታ ተቀብላዋለች። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን ዘለላ ፀጉር አስረክቧል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም በሽያጭ ገበያ ላይ የነበሩ ቅርሶች በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተገዝተው ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጥተዋል። የዌስትሚኒስተር ገዳም በመንበሩ ውስጥ የሚገኘውን ጽላት ለመመለስ በመርሕ ደረጃ መስማማቱ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተሰምቷል። በአንጻሩ የልዑል ዓለማየሁን አጽም ለማስመለስ የቀረበው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አሉታዊ መልስ አግኝቷል።

ከእነዚህ ክንውኖች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በለንደን አንዱ ዘውድ ብርሃን ተደርጎለት፣ መግለጫ ተጽፎለት፣ ባለሙያ ተመድቦለት ይታያል። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ልዩ ዐውደ ርእይ ማዘጋጀቱ ይታወሳል። በሺህ የሚቆጠር የውጭ አገር ጎብኚ የመቅደላን ስም የሚሰማው በዚያ በኩል ነው። ታሪኩ የተፈጸመበት አምባ ግን የራሱን ታሪክ በራሱ ልጆች አንደበት ለመናገር የሚያስችለው አሠራር ያስፈልገዋል። ቅርስ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ኃይል የሚያገኘው በሰነድና በዲፕሎማሲ ብቻ አይደለም። ቅርሱ የተወሰደበት ሥፍራ ሕያው ሆኖ፣ ተጎብኝቶ፣ በአግባቡ ተተርኮ መገኘቱ ራሱ አንድ ማስረጃ ነው።

የጎደለው ምንድን ነው?

ስለ መቅደላ ጉብኝት ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት መንገድና ማረፊያ ናቸው። ተገቢም ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከደሴ በኋላ ወደ አምባው የሚሄድ መንገደኛ ወደ ተንታ ወረዳ፣ ወደ አጅባር አቅጣጫ የደጋውን መንገድ ይይዛል። የመጨረሻው ክፍል የእግርና የበቅሎ ነው። መንገድና ማረፊያ ግን ገንዘብና ጊዜ የሚጠይቁ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። በአነስተኛ ወጪና በአጭር ጊዜ ሊሟላ የሚችለው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የሰው ኃይሉ ነው።

በዚህ ረገድ ተጓዦችም የአካባቢው ወጣቶችም ለይተው ሊያውቋቸው የሚገቡ የተለያዩ አገልግሎቶች አሉ። አስጎብኚ ድርጅት የሚባለው ጉዞውን ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያደራጅ፣ የንግድ ፈቃድ ያለው ተቋም ነው። አስጎብኚ ባለሙያ ማለት ሠልጥኖ፣ የሙያ ፈቃድ ይዞ ታሪኩንና ሥፍራውን የሚያስረዳ ግለሰብ ነው። መንገድ መሪ ደግሞ የአካባቢውን አቀማመጥ የሚያውቅ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚያሳይ ነዋሪ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ በቅሎ አከራይ፣ ጥበቃ፣ ምግብ አዘጋጅና አሳዳሪ አሉ። አንድ ሰው ሁሉንም ልሥራ ሲል ጥራቱ ይወድቃል፤ ተጓዡም ለየትኛው አገልግሎት ምን ያህል እንደከፈለ ሳያውቅ ይቀራል። በጉብኝት ሥፍራዎች የሚነሱ አብዛኞቹ የዋጋ ክርክሮች የሚመነጩት ከዚህ መደበላለቅ ነው።

ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። አርባ ተማሪዎችን የጫነ አውቶቡስ ምሳውን ቋጥሮ ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ፣ አምባውን አይቶ ማታ ቢመለስ፣ ለአካባቢው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ያው አውቶቡስ በአካባቢው ባለሙያ ቢመራ፣ ተማሪዎቹ ምሳቸውን ከአካባቢው እናቶች ቢገዙ፣ የደከሙት በቅሎ ቢከራዩ፣ አንድ ሌሊትም በአጅባር ቢያድሩ፣ ገንዘቡ በብዙ ቤት ይደርሳል። የተጓዡ ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው አደረጃጀቱ ነው። ስለዚህ የቱሪዝምን ጥቅም በጎብኚ ብዛት ብቻ መመዘን ያሳስታል። ጎብኚው ስንት ሰዓት ቆየ፣ ከማን ገዛ፣ ማን አስረዳው የሚሉት ጥያቄዎች እኩል ክብደት አላቸው።

ከጎረቤት የሚገኝ ልምድ

ለዚህ ዓይነት አደረጃጀት ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተስፋ በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጀምሯል። ገበሬዎች በአምባ ጠርዝ ላይ በአካባቢው የቤት አሠራር ጎጆዎች ሠርተው እንግዳ ይቀበላሉ። ተጓዡ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ዕቃውን አህያ ይጭንለታል፤ የሚበላው የአካባቢውን ምግብ ነው። ሥራው የመንደሩ የጋራ በመሆኑ ገቢው በጥቂት ሰዎች እጅ አይቀርም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በደባርቅ አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ፤ ተጓዡም ከጥበቃ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ከእነዚህ ልምዶች ለመቅደላ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የታወቀ ተራ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም የሚሻማበት ሳይሆን ባለተራው የሚያስተናግድበት ሥርዓት ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ ነው። ሦስተኛው ከገቢው ለጋራ ጉዳይ፣ ለመንገድ ጥገናም ሆነ ለትምህርት ቤት፣ የሚቀመጥ ድርሻ ነው። የማይሆንም አለ። መቄት ከላሊበላ አጠገብ በመሆኑ ላሊበላን ሊያይ የመጣ የውጭ አገር ጎብኚን ይስባል። መቅደላ በእንዲህ ያለ ጎረቤት ላይ ሊተማመን አይችልም። የመቅደላ የመጀመሪያ ጎብኚ የአገር ውስጥ ሰው ነው፤ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ፣ የታሪክ ተማሪ፣ የትውልድ ቀዬውን ሊያይ የመጣ የውጭ አገር ነዋሪ። ስለዚህ ዋጋውም፣ ምግቡም፣ ገለጻውም በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ለእነዚህ ሰዎች ሊመች ይገባል።

በዚህ ላይ አካባቢው ሌላ ዕድል አለው። በአምባው ስም የተሰየመው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶች ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ተማሪዎችን ያስተምራል። እነዚህ ወጣቶች ለአካባቢው ጎብኚዎችም፣ ወደ የቤታቸው ሲመለሱ ምስክሮችም ናቸው። ከመካነ ሰላም አቅራቢያ የሚገኘው፣ በቀድሞ ስሙ ደንቆሮ ጫካ ተብሎ የሚታወቀው የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት ደጋማ ሥፍራ ነው። በአምባሰል ያለችው ግሸን ማርያም ደግሞ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን የሚሳለሙባት ናት። ታሪክ፣ ተፈጥሮና ሃይማኖታዊ ጉዞ በአንድ ዞን መገኘታቸው፣ መንገደኛውን ከአንድ ቀን በላይ ለማቆየት የሚያስችል ሀብት ነው።

ጎብኚው ስለ ስሙም አንድ ጥንቃቄ ያድርግ። መቅደላ የአምባም፣ የወረዳም፣ የዩኒቨርሲቲም ስም ነው። የዩኒቨርሲቲው ካምፓሶች በአምባው ላይ አይደሉም። ተሽከርካሪ ሲከራዩ «መቅደላ» ብሎ ብቻ መዋዋል ለአላስፈላጊ ድካምና ወጪ ሊዳርግ ስለሚችል፣ የሚሄዱት ወደ አምባው ወደ አምባ ማርያም መሆኑን ለይተው ይናገሩ።

ምን ዓይነት ትረካ?

ስለ አስጎብኚ ሥልጠና ሲነገር ቋንቋና መስተንግዶ ቀድመው ይነሳሉ። መቅደላ ላይ ግን ከሁሉ የሚከብደው የትረካው እውነተኛነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የአንድነትና የአልበገርም ባይነት ምልክት ናቸው። በዚያው ልክ የወሎ ሕዝብ በዘመቻዎቻቸው ብዙ መከራ የተቀበለ በመሆኑ፣ በአካባቢው የሚነገረው ትዝታ ከመማሪያ መጽሐፉ ትረካ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ወረሂመኑን ያስተዳደሩት የወይዘሮ ወርቂትና የወይዘሮ መስተዋት ስም በአምባው ታሪክ ውስጥ ሥፍራ አለው። ከመቅደላ ያመለጠው ልዑል ምኒልክ በወሎ ምድር አልፎ የሄደውም በወይዘሮ ወርቂት በኩል ነው።

ጥሩ አስጎብኚ አንዱን ወገን አጉልቶ ሌላውን አይደብቅም። የንጉሠ ነገሥቱን ሕልም፣ የእስረኞቹን ሥቃይ፣ የአሮጌን ሙታን፣ የአካባቢውን ገበሬ መከራና የዝርፊያውን በደል በየቦታቸው ያስቀምጣል። የሚታወቀውን ከሚነገረው ለይቶ፣ «በጽሑፍ የተገኘው ይህ ነው፤ አባቶች የሚሉት ደግሞ ይህ ነው» ይላል። ይህ ለተጓዡ ክብር መስጠት ነው። እንግዳን ለማስደሰት ሲባል የተጋነነ ታሪክ የሚነግር ሰው ለጊዜው ጉርሻ ሊያገኝ ይችላል፤ የሥፍራውን ተአማኒነት ግን ይሸረሽራል። ታሪኩን በተረጋገጠ መጠን መያዝ ከአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ሼኮችና መምህራን ጋር መመካከርን ይጠይቃል።

ጸጥታና ጊዜ

በዚህ ጉዳይ ላይ ሲጻፍ ሳይነሳ መታለፍ የማይገባው የጸጥታ ሁኔታ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ያስከተለው የጉዞ መቋረጥ ገና ሳያበቃ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወሎን ጎድቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተፈጠረው ግጭት ጉዞን አስቸጋሪ አድርጓል። በዚህ መካከል ከሁሉ በላይ የተጎዱት በዕለት ገቢ የሚተዳደሩት አስጎብኚዎች፣ በቅሎ አከራዮችና ትናንሽ የምግብ ቤት ባለቤቶች ናቸው። ሥልጠና የወሰደ አስጎብኚ ሥራ አጥቶ ሙያውን ሲቀይር፣ ሰላም በተመለሰ ጊዜ እርሱን መተካት ዓመታት ይወስዳል።

ስለሆነም ወደ አካባቢው ለመጓዝ ያሰበ ሰው ጉዞውን ከመወሰኑ በፊት በዞኑና በወረዳው ካሉ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ወቅታዊ መረጃ መጠየቅ ይኖርበታል። መንገዱ ክፍት ካልሆነ ጉዞን ማዘግየት ብልህነት ነው። አምባው ዘመናትን ተሻግሮ የቆየ ነው፤ ተጓዡንም ሊጠብቅ ይችላል። በአንጻሩ የዝግጅት ሥራው ሰላምን እስኪጠብቅ መቆም የለበትም። ትረካን ማሰባሰብ፣ ወጣቶችን ማደራጀት፣ ዋጋና ተራ መወሰን፣ የቤተ ክርስቲያናትን ንብረት መመዝገብ እንግዳ በሌለበት ጊዜም ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ተጓዦች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

አስጎብኚን የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የተገልጋይ መብት ነው። ዋጋን ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ይወስኑ፤ ዋጋው ለግለሰብ ወይስ ለቡድን፣ ለግማሽ ቀን ወይስ ለሙሉ ቀን እንደሆነ፣ የበቅሎና የጥበቃ ክፍያን ያካተተ መሆን አለመሆኑን ለይተው ይጠይቁ። በተቻለ መጠን ደረሰኝ ይቀበሉ። ከከተማ ይዘውት የመጡ አስጎብኚ ቢኖርዎትም የአካባቢውን መንገድ መሪ መያዝ ለደኅንነትዎ ይረዳል፤ ለአካባቢውም ድርሻ ያስገኛል።

የአምባው ከፍታ፣ ብርድና ቁልቁለት ቀላል አይደለም። ጠንካራ ጫማ፣ ደራቢ ልብስና በቂ ውኃ ይያዙ። በክረምት ወራት መንገዱ ጭቃና አዳላጭ በመሆኑ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው የበጋ ወቅት የተሻለ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማዎን ያውልቁ፤ ፎቶግራፍ ከማንሳትዎ በፊት ካህናቱን ያስፈቅዱ። ሰውን ፎቶግራፍ ሲያነሱም ፈቃዱን ይጠይቁ። ከሴባስቶፖልም ሆነ ከፍርስራሹ ላይ መጻፍ፣ መሸርከትና ድንጋይ ማንሳት ቅርስ ማጥፋት ነው።

የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ሥዕል ወይም ሌላ ጥንታዊ ዕቃ እሸጥልዎታለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይግዙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከደላንታው ጨረታ የተረፈውን ቅርስ በሳንቲም መለወጥ፣ በለንደን ያለው ይመለስልን ብሎ ለሚጠይቅ ሕዝብ አይበጅም።

በአስጎብኚነት ለመሠማራት ለሚፈልጉ የአካባቢው ወጣቶች

የመጀመሪያው እርምጃ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ለሥራው የሚያስፈልጉትን መሥፈርቶች መጠየቅ ነው። አስጎብኚነት ሥልጠናና የሙያ ብቃት ምዘና ያለው ሙያ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችን ያፈራል፤ በክልሉም የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሉ። በግል ከመሮጥ ይልቅ በማኅበር መደራጀት ተራን ለማስከበር፣ ዋጋን ለማስማማትና ቅሬታን ለመፍታት ያመቻል። ሴቶች በምግብ ዝግጅት ብቻ ሳይወሰኑ በአስረጂነትም እንዲሳተፉ ማድረግ ይገባል፤ የእቴጌ ጥሩወርቅንና የወይዘሮ ወርቂትን ታሪክ ከሴት አንደበት የሚሰማ ተጓዥ ብዙ ያገኛል።

በእጃቸው ቅርስ ላለ ወገኖች

ከአያት ከቅድመ አያት የተላለፈ ብራና፣ የጦር መሣሪያ፣ ደብዳቤ ወይም ጌጥ በቤቱ ያለው ሰው ማስመዝገቡ ንብረቱን እንደመነጠቅ መቁጠር የለበትም። የተመዘገበ ቅርስ ቢሰረቅ ለመፈለግ፣ ባሕር ተሻግሮ ቢገኝም የእኛ ነው ብሎ ለመጠየቅ ማስረጃ ይሆናል። ከመቅደላ የተወሰዱትን ቅርሶች ዱካ ለመከተል ያስቻለው አንዱ ነገር በየተቋማቱ የተጻፈላቸው መዝገብ ነው። ሲያርስ ወይም ሲቆፍር ጥንታዊ ዕቃ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ አዋጁ ያዛል። ጉዳዩን በፌዴራል ደረጃ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው።

ማጠቃለያ

መቅደላ ሁለት ጊዜ ሊወሰድብን ይችላል። የመጀመሪያው በ1860 ዓ.ም. በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ የሄደው ነው፤ እርሱን ለማስመለስ የሚደረገው ጥረት ረጅም ዘመን ወስዷል፤ ገናም ይወስዳል። ሁለተኛው በትረካ ማጣት የሚመጣው ነው። ሽማግሌዎች ታሪኩን ይዘው ሲያልፉ፣ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ሲሰደዱ፣ ተጓዡም የሚያስረዳው አጥቶ ሲመለስ፣ አምባው በቦታው እያለ ከእጅ ይወጣል። ይህን ለመከላከል የማንንም ሙዚየም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። ፈቃድ ያለውን አስጎብኚ የሚመርጥ ተጓዥ፣ በተራና በታወቀ ዋጋ የሚሠራ ማኅበር፣ ንብረቷን የምታስመዘግብ ቤተ ክርስቲያን፣ የሰሙትን ለልጅ ልጅ የሚነግሩ አባትና እናት ይበቃሉ። ዘውዱ ወደ አገሩ በሚመለስበት ቀን የመጣበትን አምባ የሚያስረዳ ሰው በሥፍራው እንዲገኝ፣ ሥራው ዛሬ መጀመር አለበት።